ከጫጫ ደብረ ብርሃን ለሥራ ስመላለስ መኪናዬ ተጋጨች፤ ኢንሹራንስ ይከፍላል ወይ?

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ በአንድ የመወያያ ገጽ የለጠፈው ሰው ጫጫ ይኖራል። ሥራው ደብረ ብርሃን ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ። መኪናው ኮድ 2 ቪትዝ ናት። ጠዋት ጠዋት ሦስት ባልደረቦቹን አሳፍሮ ይሄዳል፤ እነሱም በየወሩ ለቤንዚን ያዋጣሉ። ጥያቄውን በጻፈበት ዋዜማ ጠዋት ጉም ነበር። ከፊቱ ይሄድ የነበረ አይሱዙ በጎች ሲገቡበት ድንገት ፍሬን ያዘ። ቪትዟ ከኋላ ገባችበት። ኮፈኑ ተጣጠፈ፣ ራዲያተሩ ፈሰሰ፣ የግራው ፋናሌ ወለቀ። ጋቢና የነበረው ልጅ የእጁ አንጓ አብጧል። አይሱዙው የኋላ መብራቱ ተሰበረ እንጂ ምንም አልሆነም።

ትራፊክ መጥቶ ፕላን አንስቷል። ሰውየው ሙሉ ሽፋን አለው። ውሉ ላይ ግን አገልግሎቱ የግል ተብሎ ነው የተሞላው። ስለዚህ ሦስት ነገር ጠየቀ። ለሥራ መመላለስ የግል አገልግሎት ነው ወይስ አይደለም? የቤንዚን መዋጮው ጣጣ ያመጣብኛል ወይ? የአይሱዙው ባለቤት ደግሞ ለመብራቱ ጥሬ ገንዘብ ስጠኝና እንታረቅ እያለኝ ነው፤ ልስጠው? አጠያየቁ የጨዋ ነው፤ ሰላምታም ምስጋናም አለው። ከታች የመጣው ሁሉ ግን ጨዋ አልነበረም። እኔም በዚያው መንገድ ስለምመላለስ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

መልስ 1 ኢንሹራንስ ውስጥ የካሳ ክፍል ከሠራች እህት ነው የመጣው። ረጋ ብላ ነው የጻፈችው። በአብዛኛው የግል መኪና ውል ላይ ከቤት ሥራ ቦታ፣ ከሥራ ቦታ ቤት መመላለስ የግል ጉዳይ ነው ትላለች። ከሽፋን የሚወጣው ሰው ወይም ዕቃ በክፍያ መጫን፣ መኪናውን ማከራየት፣ ለመንጃ ፈቃድ ልምምድ ማዋልና እሽቅድምድም ነው። መሥሪያ ቤትህ በራስህ መኪና ዕቃ አድርስ፣ ገንዘብ ሰብስብ ብሎ ከላከህ ነገሩ ይለያል፤ ያኔ መኪናው ወደ ሥራ እየሄደ ሳይሆን ራሱ ሥራ እየሠራ ነው። የኩባንያዎቹ ውል ግን ቃል በቃል አንድ ስላልሆነ የአጠቃቀም ገደብ የሚለውን አንቀጽ አውጥተህ አንብብ አለችው። ከዚያ ሦስት ትእዛዝ ሰጠች። ዛሬውኑ በጽሑፍ አሳውቅና ቅጂው ላይ ማህተም አስመታ። መኪናዋን ጋራዥ አታስፈታ። ኩባንያው ሳያውቅ ለአይሱዙው ሰውዬ አንዲት ብር እንዳትሰጥ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብለህም ወረቀት ላይ እንዳትፈርም።

ለሦስቱም ጥያቄ መልሱ እዚህ ጋ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ሰው እዚህ ጋ ይቆማል?

መልስ 2 እንኳን ተረፋችሁ ብሎ ፎቶ ጠየቀ። መልስ 3 ላይ የሚኒባስ ሹፌር ገባ። ተናዶ ነው የገባው። እኛ ተራ ይዘን፣ ግብር ከፍለን፣ ስምሪት ጠብቀን እንሠራለን፤ እናንተ ኮድ 2 ይዛችሁ ተሳፋሪያችንን ትወስዳላችሁ ባይ ነው። ኢንሹራንሱ ቤሳ ቤስቲን ሊከፍለው አይገባም አለ። ኮድ 3 የሆነ መኪና ለንግድ ሥራ የሚከፍለው አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ከግል መኪና እንደሚበልጥም ጨመረ። ይሄኛው ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ከሚውል፣ የማያውቀውን ሰው ከሚጭን መኪና ጋር የሚመጣው አደጋ ስለሚበዛ ነው። ምሬቱም መሠረት የለውም አልልም፤ ጠዋት አለልቱ ወይም ሸኖ ላይ የቆመ ሰው ኮድ 2 ሲመርጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠያቂው ግን መንገድ ላይ ሰው አላነሳም።

መልስ 4 ላይ ራሱ ጠያቂው ተመልሶ ይህንኑ አስረዳ። ባልደረቦቹ ናቸው፤ ታሪፍ የለም፤ መዋጮው የነዳጁን ግማሽ እንኳ አይሸፍንም። አሁንም በትሕትና ነው።

ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰንሰለት፣ ያበላሸው መልስ 5 ነው። አንድ ብልጥ ነኝ ባይ፣ መዋጮ የሚባለውን ነገር አታንሳው፣ ዘመዶቼ ናቸው በል፣ ልጆቹንም አስጠንቅቃቸው ብሎ መከረ። ከሥር ብዙ ሰው አጨበጨበለት። መልስ 6 ላይ ያቺ የካሳ ክፍል እህት ተመለሰች፤ የአሁኑ አነጋገሯ ግን የመጀመሪያው አይደለም። ልጆቹ ለፖሊስ ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ አንዱ ሐኪም ቤት ካርድ አውጥቷል፤ ኩባንያው ሪፖርቱን ከፖሊስ ይወስዳል። አንተ ዘመድ ስትል እነሱ የሥራ ባልደረባ ብለው ከሆነ በመዋጮው ልትከራከርበት የምትችለውን ጉዳይ በውሸቱ ታጣዋለህ። እያወቁ የተሳሳተ ቃል መስጠት ሙሉ መብቱን ሊያሳጣ ይችላል አለች። ወጪ መጋራትና በክፍያ ማሳፈር አንድ አይደሉም። ውሉ ወጪ መጋራትን ካልከለከለ እውነቱን ተናግሮ መከራከር ይሻላል። ለወደፊቱ ደግሞ ባልደረቦቼን አሳፍራለሁ፣ ነዳጅ ያግዙኛል ብሎ ለኩባንያው በደብዳቤ አሳውቆ በውሉ ላይ ማሻሻያ ማስጻፍ ነው። እኔም በዚህ ከእሷ ጋር ነኝ። መልስ 5ን የጻፈው ሰው ከዚያ በኋላ አልታየም።

መልስ 7 የጡረተኛ ሹፌር ነው። አዲስ አበባ ደሴ መስመር ላይ ከባድ መኪና ነድተዋል። ሰው ሁሉ ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው፤ የሚኒባሱ ሹፌር እንኳ እሳቸው ላይ ሲደርስ አንቱ ብሏል። ጽሑፋቸው ረጅም ነው፤ ግማሹም ከጉዳዩ ውጪ ነው፤ ቢሆንም ደስ ይላል። በጣርማበር ጉም ሲጥል ረዳቱ ባትሪ ይዞ ፊት ፊት እየሄደ፣ እሳቸው የባትሪዋን ብርሃን ብቻ እያዩ እስከ ዋሻው አፍ ይደርሱ እንደነበር አወጉን። ጣልያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ሲገቡ ከወዲያ የሚመጣው ጥሩምባ ካልነፋ አያልፉም። በዚያ ዘመን ሁለት መኪና ሲጋጭ ሹፌሮቹ ደብረ ሲና ወርደው ሻይ እየጠጡ ይስማማሉ፤ ሽማግሌም አይጠፋም። ስለዚህ ለአንዲት መብራት ብሎ ፍርድ ቤት መመላለስ ምን ይበጃል፣ ከፍለህ ታረቅ ነው ምክራቸው።

መልስ 8 አክብሮ፣ ግን ጠንከር ብሎ አረማቸው። ጋሼ፣ የሰው አካል ተጎድቷል፤ ሰው የተጎዳበትን አደጋ ለፖሊስ ሳያሳውቁ ተስማምቶ መሄድ በሕግ ያስጠይቃል አላቸው። ዕርቁ ለራሱ ለጠያቂውም አደገኛ ነው። ኩባንያው ካሳ ከከፈለ በኋላ በደንበኛው እግር ተተክቶ አጥፊ የተባለውን ሌላ ወገን የመጠየቅ መብት አለው። ደንበኛው ቀድሞ ምሬሃለሁ ብሎ ከፈረመ ይህንን መብት ዘጋበት ማለት ነው። ይቅር ያለውን ገንዘብ ኩባንያው ከራሱ ካሳ ላይ ሊቀንስበት ይችላል። የአይሱዙው መብራት የሦስተኛ ወገን፣ ማለትም ከኩባንያውና ከደንበኛው ውጪ የሆነ ሰው፣ ንብረት ነው፤ ስለዚህ የጠያቂው ኢንሹራንስ ይክፈለው አለ። የሦስተኛ ወገን ሽፋን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ መሆኑን አስታወሰ። አዋጁ በ2005 ሲወጣ ጣሪያው ለሞት እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት 40,000 ብር፣ ለንብረት 100,000 ብር፣ ለድንገተኛ ሕክምና 2,000 ብር እንደነበረም ጻፈ።

ወዲያው መልስ 9 መጣ። እነዚህ ቁጥሮች በ2005 የወጡ ናቸው፤ ዛሬ በእጃችሁ ያለው ውል ላይ የተጻፈውን መጠን እዩ፣ የዱሮውን ቁጥር ይዛችሁ አትከራከሩ አለ። አክሎም ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ለሚያደርሰው የአካል ጉዳትና ሞት የመድን ፈንድ የሚባል እንዳለ፣ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ቤቱ ቁጭ ብሎ እንደሚያለቅስ ነገረን። አንዲት የመንዝ ልጅ ከሥር ገብታ የት ነው የሚጠየቀው አለችው፤ ከፖሊስ ሪፖርቱና ከሐኪም ማስረጃው ጀምሪ አላት።

መልስ 10 አንጓው ያበጠው ልጅ ጉዳይ ነው። ወደ ሥራ እየሄደ ስለተጎዳ የሥራ ላይ ጉዳት አይባልም ወይ ብሎ አንዱ ጠየቀ። መልስ 11 ላይ የሠራተኛ ማኅበር ሰው የሚመስል ሰው አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ጠቅሶ መለሰ። ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ የደረሰበት ጉዳት የሥራ ላይ አደጋ የሚሆነው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ሰርቪስ ወይም ለዚሁ በተከራየው መኪና ላይ ከሆነ ነው። በባልደረባ ቪትዝ ሲሆን አይገባም። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ሰርቪስ ሆነ። ሰርቪስ ያላቸው፣ የሌላቸው፣ ሰርቪሱ ጥሏቸው የሄደ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በደብረ ብርሃን ውርጭ ጋቢ ተከናንበው የቆሙ ሁሉ ገቡ። መልስ 12 እንዲያውም ስለ ብርድ ልብስ ዋጋ ነው።

መልስ 13 ላይ የጋራዥ ባለቤት መጣ። ለኔ የክሩ ፍሬ ነገር እዚህ ጋ ነው። ሰው ሁሉ በቤንዚን መዋጮ ሲጣላ እሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። መኪናዋን በስንት ብር ነው ያስገባሃት?

ጠያቂው ቪትዟን የገዛት መኪና እንዲህ ሳይወደድ ነው። ውሉን በየዓመቱ ሲያድስ አረቦኑ እንዳይጨምርበት ብሎ የመጀመሪያውን ዋጋ እንዳለ ትቶታል። የጋራዡ ሰው እየተበሳጨ፣ ግን በሒሳብ አስረዳው። የመኪናዋ የገበያ ዋጋ 1,200,000 ብር ነው እንበል። አንተ ያስገባሃት በ600,000 ነው። ኩባንያው ለመኪናዋ ግማሽ አረቦን ነው የተቀበለህ፤ ሌላውን ግማሽ አንተው ራስህ ዋስ ሆነሃል። ጥገናው 200,000 ብር ቢፈጅ 200,000 አይሰጡህም፤ 100,000 ነው። ከዚያም ላይ ውሉ ላይ ያለው የራስህ ድርሻ፣ ማለትም አንተ እንድትሸከመው የተጻፈው፣ ይቀነሳል። አሮጌ ዕቃ ወጥቶ አዲስ ሲገባ ደግሞ የእርጅና ቅናሽ አለ። ሙሉ ሽፋን አለኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ፊቱ የሚጠቁረው እዚህ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ነው አለ።

እዚያው ላይ ጋራዡ ሲሠራ የቆየውን አንድ ፕሮፎርማ (የጥገና ዋጋ ማቅረቢያ) በፎቶ ለጠፈ። ስም ሸፍኗል። ዝርዝሩን አጉልቼ አየሁት። ኮፈን፣ የፊት ፓራውልት፣ ፋናሌ ግራ፣ ራዲያተር፣ የራዲያተር ፋን፣ ፓራፋንጎ ማስተካከል፣ ቀለም፣ የእጅ ዋጋ። ከእያንዳንዱ ጎን በቀይ እስክሪፕቶ ሌላ ቁጥር ተጽፏል። የኩባንያው ገማች የቆረጠው ነው። ፓራፋንጎው ከእነጭራሹ ተሰርዟል፤ የፊት ግጭቱ ያመጣው ሳይሆን ዱሮ የነበረ ጭረት ነው ተብሎ። ለዚህ ነው አደጋ ሲደርስ መኪናው ሳይነሳ በአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ የምላችሁ አለ። የተሰበረውንም ዕቃ አትጣሉት፤ ኩባንያው ሊያየው፣ ሊወስደውም ይችላል። አንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ጋራዦች አጫርቶ ዝቅ ያለውን ይመርጣል። በፕሮፎርማህ የተስማማህ መስሎህ ጥገና ካስጀመርክ ልዩነቱ ከኪስህ ነው።

እንዲህ ያለ መልስ የሚጽፍ ሰው ቢበዛ ምን ነበረበት። ከሥሩ ብዙ ሰው ውሉን አውጥቶ አየ። አንዲት የሸዋ ሮቢት ነጋዴ መኪናዋን ዛሬ በማትገዛበት ዋጋ እንዳስገባች ጽፋ ለሚቀጥለው እድሳት ሳትጠብቅ ልታስተካክል እንደሆነ ነገረችን። በውሉ ዘመን መሐል ዋጋ ማሳደግ ይቻላል፤ የቀረውን ጊዜ አረቦን ልዩነት ከፍሎ ነው። ለተፈጠረ አደጋ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም።

መልስ 14 በአንዱ ኩባንያ ወራት የተንገላታ ሰው ነው። ስሙን አልጠራም ብሎ ግን ከስም በቀር ያላለው ነገር የለም። ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ነገ ፋይሉ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ከነገ ወዲያ አንድ ወረቀት ጎደለ። ሁሉም ሌቦች ናቸው ብሎ ደመደመ። መልስ 15 መምህር ናት፤ ንዴቱን አልነካችውም። በቃል የተባለ ነገር የለም፤ የጎደለውን ወረቀት በጽሑፍ እንዲነግሩህ ጠይቅ፤ ካልሆነ ለሥራ አስኪያጁ አቤት በል፤ ካልሆነ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ነው አለችው። ቀኑን ግን ቁጠር፤ በንግድ ሕጉ ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ክስ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። ዛሬ ነገ እያለ የሚያመላልስህ ሰው ይህን ያውቃል። መልስ 14ን የጻፈው ሰውዬ አመስግኖ ሁለት ዓመት ሊሞላው የቀረውን ጊዜ ማስላት ጀመረ።

በዚህ መሐል የሚኒባሱ ሹፌር መልስ 16 ላይ ተመልሶ ጥፋቱን ሁሉ በጎቹ ላይ ጫነው። መንገዱን ያጨናነቁት የገበሬ ከብቶች ናቸው፣ ባለቤቶቹ ይከሰሱ አለ። ከሕጉ ሩቅ አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። መልስ 17 ግን ከእነዋሪ ወገን የሆነ የገበሬ ልጅ ነው፤ ቀጥታ ነው የመታው። በጎቹ በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ሲሻገሩ የዓመታት ልማዳቸው ነው። ከተማ ለመድረስ የሚበረው ሹፌር ጉም ውስጥ መብራት ሳያበራ፣ ርቀት ሳይጠብቅ ይነዳል፤ ከዚያ የሞተችውን በግ ዋጋ ለእናቴ ማን ከፈላት አለው። ሁለቱ ጥቂት ተሰዳደቡ። ጋሼ ጣልቃ ገብተው ዝም አሰኟቸው። እውነቱን ለመናገር ከኋላ የመታ ሰው በጉን ሰበብ አድርጎ ብዙ ርቀት አይሄድም፤ ርቀት መጠበቅ ነበረበት። ሙሉ ሽፋን ያለው ሰው ግን በቸልተኝነቱም ጊዜ ይካሳል። ለዚያ ነው ሙሉ የተባለው። ጠጥቶ መንዳት፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖር ወይም ደረጃው ለመኪናው ሳይበቃ መንዳት ሌላ ጉዳይ ነው።

መልስ 18 አጭር ናት፤ ብዙዎቻችንን ግን ዝም አሰኘች። አንዲት ሴት በግጭት ሳይሆን በሁከት ጊዜ መንገድ ላይ መኪናዋ ተቃጥላ መደበኛው ሙሉ ሽፋን እንዳልሠራላት ጻፈች። የፖለቲካ ሁከትና የሽብር ጉዳት ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ሽፋን ነው። በዚህ መስመር ለሚመላለስ ሰው ይህን ሳያስጠይቁ ውል መፈረም አያዋጣም አለች። ማንም አልተከራከራትም።

ጠያቂው በመልስ 19 ተመልሶ የደረሰበትን ነገረን። የካሳ መጠየቂያ ቅጹን ሞልቷል፤ ከመንጃ ፈቃዱ፣ ከሊብሬው፣ ከቦሎውና ከፖሊስ ሪፖርቱ ጋር አስገብቷል። መዋጮውንም እንዳለ ጽፎታል። የተቀበለው ሠራተኛ ነገሩን ለኃላፊው አሳይቶ የባልደረቦቹን የሥራ መታወቂያ ቅጂ እንዲያመጣ ጠይቆታል፤ ውሳኔው ገና ነው። ለአይሱዙው ሰውዬ የኢንሹራንሱን ስምና የውሉን ቁጥር ሰጥቶ ሸኝቶታል፤ ሰውየው ተቀይሟል። የመኪናዋን ዋጋ በተመለከተ ግን የጋራዡ ሰው የፈራው ሆኗል። ገማቹ መጥቶ ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀው እሱኑ ነው። ልጁ አንጓው አልተሰበረም፤ ወለምታ ነው ተብሎ ታስሮለታል።

ከዚያ በኋላ እንኳን ደስ አለህ የሚለውም አይ ገና ነው የሚለውም ተንጋጋ። የካሳ ክፍሏ እህት ውሳኔው በጽሑፍ ሲመጣ አምጣና እንየው አለች። መልስ 23 ላይ ከሸዋ ሮቢት አንድ ልጅ ባጃጁ ፍየል መግጨቱን ጽፎ፣ ለባጃጅም ሦስተኛ ወገን ግዴታ ነው ወይ ሲል ጠየቀ። አዎ ነው፤ ሌላ ክር ክፈትና እዚያ እንነጋገር አሉት።